መርዶ በሽቦ አይነገርም

ባለፈው ሰሞን ከጠባሴ ወደ ደብረ ብርሃን መሀል ከተማ በባጃጅ ስመጣ አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ስልኳን እየነካካች ነበር። ፈገግ ትላለች፣ ጣቷን ታንሸራትታለች፣ ደግሞ ፈገግ ትላለች። በመሀል እጇ ቀጥ አለ። «ወንድሜን?» አለች፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ እንደሚጠይቅ ሰው። ቀጥሎ የጮኸችው ጩኸት ግን ሾፌሩን መሪ ሊያስለቅቀው ምንም አልቀረው። ባጃጁን ጥግ አስይዞ ወረደ። ጭኗ ላይ የወደቀውን ስልክ ሳየው የአንድ ጎረምሳ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ የሻማ ሥዕልና «ነፍስ ይማር ወንድምዓለም» የሚል ጽሑፍ አለበት። የለጠፈው ሰው እኅቱ እንዳልሰማች አላወቀ ይሆናል፤ ወይ አላሰበው ይሆናል። ነጠላዬን ከላይዋ ደርቤ፣ በአንድ ወገን እኔ፣ በሌላው ሾፌሩ ደግፈን ቤቷ አደረስናት። ከዚያ እኔም ቤቴ ገብቼ፣ ለሻይ የጣድኩት ውሃ ተንተክትኮ እስኪያልቅ ድረስ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ዛሬ ወሬ በዓይን ጥቅሻ ባሕር ይሻገራል። እኔ ደግሞ ወሬ በእጅ እየተመራ በሚሄድበት ዘመን መልእክት አሻጋሪ ነበርኩ፤ አንድ መርዶም አሻግሬያለሁ።

በዚያን ዘመን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ የበግ እርባታ ፕሮጀክት ነበረ፤ እኔ የጽሕፈት ሥራ ተምሬ እዚያ በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ባሉት ዓመታት መሆኑ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ፤ የኮቴን ቀለም ብትጠይቁኝ ግን አልሳሳትም። ጥቁር ሰማያዊ ነበር፣ ከመርካቶ የተገዛ፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው። ያኔ ትከሻዋ ያልሰፋ ሴት ለበሰች አትባልም ነበር። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ ከሻይ ጋር የሚመጣው ዳቦ ደግሞ ከዛሬው ዳቦ እጥፍ ይሆናል፣ ወይም ያኔ አፌ ትንሽ ነበር። አውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን በረንዳ ላይ አውጥቶ አንዱን የፍቅር ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ደጋግሞ ይለቀዋል፤ ባለቤቱ ማዶ ያለችውን የሻይ ቤት ልጅ ወዶ ነው ይባል ነበር። ብርዱማ ያው የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ እሱ አልተለወጠም። ከብርድ ልብስ ፋብሪካው የሚወጡት ሠራተኞች ፀጉራቸው ላይ የሱፍ ብናኝ እንደ ውርጭ ተሰክቶ፣ እየተሳሳቁ በፊታችን ያልፋሉ። ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ የፋብሪካው ብዛት፣ የፎቁ ብዛት፣ የባጃጁ ብዛት ያስገርመኛል፤ ያን ብናኝ ግን አላይም።

ኮምፒውተሩ የተቀመጠው ከመድኃኒት መጋዘኑ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ የበግ መድኃኒትና የሞቀ ፕላስቲክ ትሸታለች። ስክሪኑ ጥቁር፣ ፊደሉ አረንጓዴ። ጠዋት ጠዋት፣ የስልክ መስመሩ ሳይጨናነቅ፣ ኮምፒውተሩን ከስልኩ በሚያገናኘው ሞደም አዲስ አበባ እደውላለሁ። ሞደሙ መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ ጆሯቸውን እንደያዟቸው ድመቶች ይንጫጫል፤ ዝም ሲል ከወዲያ በኩል ግርማ አገኘኝ ማለት ነው። ግርማ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣውን መልእክት እየሰበሰበ በዓለም አቀፍ ስልክ ወደ ለንደን የሚያሻግር ወጣት ነበር። መልኩን አይቼው አላውቅም፤ ትየባውን ግን አውቀዋለሁ፤ ሲቸኩል ነጥብ አያደርግም።

የዛሬው የኢሜይል አድራሻ አጭር ነው፤ መንገዱን ማሽኑ ራሱ ያገኘዋል። ያኔ መንገዱን የምንጽፈው እኛ ነበርን። መልእክቱ የሚያልፍባቸውን ጣቢያዎች በሙሉ በቅደም ተከተል፣ በመሀላቸው ቃለ አጋኖ እያስገባን እንደረድራለን፤ ከእኛ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ለንደን፣ ከለንደን አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ መጨረሻ ላይ የሰውየው ስም። አንዱን ጣቢያ ከዘለልን ወይም አንዲት ፊደል ከገደፍን መልእክቱ ከመንገድ ይመለሳል። አንዳንዱማ እንደወጣ ይቀራል። የመጣውን ደግሞ አትሜ፣ የወረቀቱን ባለ ቀዳዳ ጠርዝ ቀድጄ ጥዬ፣ ለየባለቤቱ በእግሬ እየዞርኩ አድላለሁ። ጭቃውን ተሻግሬ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ የከተማው ትምህርት ቤት መምህራን ዘንድ፣ ከዚያ እንደገና ቢሮዬ።

ከፕሮጀክቱ የበግ ሐኪሞች አንዱ ደሳለኝ ወንድይራድ ይባላል፤ የአንኮበር ልጅ፣ ዝምተኛ። ለትምህርት ሆላንድ ተልኮ ነበር። አባቱ ጋሽ ወንድይራድ ከጎረቤላ አለፍ ብሎ ያለ ገጠር ገበሬ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ በርኖሳቸውን ደርበው እኔ ዘንድ ጎራ ይላሉ፤ ለልጃቸው መልእክት ሊያስጽፉ።

«እንደምን ከረምሽ ጥሩዬ ልጄ? ያ ሽቦሽ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው ጋሼ፤ ይቀመጡ።»

«እንግዲያ ጻፊ። በዪው፤ ጥቁሯ በግ መንታ ወለደች። በዪው፤ ገብሱ ዘንድሮ ፍሬ ይዟል። በዪው፤ እናትህ ወገቧን ትላለች፣ ግን አልሞተችም።»

«ጋሼ፣ ‹አልሞተችም› ይባላል እንዴ? ይደነግጣል እኮ! ‹ደኅና ነች› እንበለው።»

«ወገቧን እያመማት እንዴት ደኅና ነች እላለሁ? ውሸት አትጻፊብኝ!»

በአማርኛ ፊደል መጻፍ አይቻልም ነበር፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የምጽፈው። አንድ ቀን «አጎትህ መጣ» ብዬ የጻፍኩት «አጎትህ መታ» ሆኖ ተነቦ፣ ደሳለኝ በሳምንቱ «ማንን ነው የመታው? ጉዳዩ በሽማግሌ አለቀ ወይ?» ብሎ ተጨንቆ ጻፈ። ጋሽ ወንድይራድ ይህን ሳነብላቸው እስከሚያስላቸው ሳቁ። ስለ ጣቢያዎቹ ሳስረዳቸውም አልከበዳቸውም። «ይኸማ የእኛው ነው» አሉ። «ከአሊዩ አምባ ገበያ የተላከ ቃል ለጎረቤላ ሰው ይነገራል፤ የጎረቤላው ወደ ላይ ለሚወጣ ይነግራል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እኛ ደጃፍ ይደርሳል።»

አንድ ሐሙስ ጠዋት ዘበኛው ሰው ይፈልግሻል አለኝ። ወጣሁ። በሩ ላይ የቆሙት የጋሽ ወንድይራድ ታናሽ ወንድም ጋሽ ኃይሌ ነበሩ። የኩታቸውን ጥለት እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገታቸው አድርገው ለብሰዋል። ከዚያ በኋላ ቃል አላስፈለገኝም፤ እዚያው ማልቀስ ጀመርኩ።

«ድንገት ነው» አሉኝ፣ እኔኑ ደግፈው እያስቀመጡኝ። «ወንድሜ ልቤን አለ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ አረፈ። ማክሰኞ ቀበርነው።»

እኔና እሳቸው ጥላው ሥር ተቀምጠን ስናለቅስ ወሬው ቢሮ ገባ። አለቃችን ሚስተር ኮሊን የሚባል ፈረንጅ ነበር፤ ረጅም፣ ቀይ፣ ደግ ሰው። ደንግጦ ወጣ፣ የጋሽ ኃይሌን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ተመልሶ ገባ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ወረቀት ሰጠኝ፤ ለደሳለኝ የጻፈው የሐዘን መግለጫ ነው፣ በነገው መልእክት እንዲሄድ። ጋሽ ኃይሌ አዩት።

«ምንድነው እሱ?»

«ለደሳለኝ የተጻፈ ማጽናኛ ነው።»

«ማን ያነብለታል?»

«ራሱ ነው የሚያነበው፤ ከኮምፒውተሩ ላይ።»

«ብቻውን?»

ብቻውን ነበር የሚያነበው። እዚያ ትምህርት ቤት ሌላ ሐበሻ እንደሌለ በየመልእክቱ ጽፎልናል።

ጋሽ ኃይሌ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። «የወንድሜ ልጅ የአባቱን ሞት ከብረት ሊሰማ ነው? መርዶ በሽቦ አይነገርም ልጄ። መርዶ በሰው ነው። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ሄዶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ቀስ አድርጎ ነው። ቢወድቅ የሚያነሣው፣ ደረቱን ቢመታ እጁን የሚይዘው ይፈልጋል። እዚያ ሰው ከሌለው እስኪመጣ እናቆየዋለን፤ ዓመትም ቢሆን።»

ዓመት ማቆየት እንደማይቻል አውቃለሁ። ልጁ በየሳምንቱ ይጽፋል፤ በየሳምንቱ አባቱን ይጠይቃል። ወረቀቱን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። እስከዚያን ቀን ድረስ ትእዛዙን መልሼ አላውቅም። «ይህን ነገ አልልከውም» አልኩት። እንግሊዝኛዬ ከእንባ ጋር እየተምታታ አገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስረዳሁት።

«ግን አለመንገር ማታለል አይሆንም?» አለኝ።

«አንደብቀውም። አብሮት የሚያለቅስ ሰው እስክናገኝለት ድረስ ብቻ ይቆይ።»

መነጽሩን አወለቀ። «እኔ የአባቴን ሞት የሰማሁት በቴሌግራም ነው» አለ። «ባቡር ጣቢያ ቆሜ ነበር። ለማላውቃት ቲኬት ቆራጭ ነገርኳት፤ ሌላ ሰው ስላልነበረ።» ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ አስገባ። «ሰው ፈልጊለት» አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት መልእክቱን ከተለዋወጥን በኋላ መስመሩን ሳልዘጋ ለግርማ ጻፍኩለት፤ አንዳንዴ እንዲያ ፊት ለፊት እንደ ወሬ እንጻጻፋለን። የሆነውን ነገርኩትና «ሆላንድ የምታውቀው ሐበሻ አለ?» አልኩት።

«እኔ የማውቀው አድራሻ እንጂ ሰው አይደለም» ብሎ መለሰ። ከዚያ፣ «ቆይ ቆይ አንዲት አለች ሮማን የምትባል ሌላ ከተማ ጤና ነው የምትማረው እናቷ እኛ ጋ እየመጡ ያስጽፏታል እኒህን እናት ልጠይቃቸው» አለ። ነጥብ አላደረገም።

ለምሳ ሲወጣ እናቲቱ ቤት ድረስ ሄደ። ሴትዮዋ ነገሩን ሰምተው፣ ደሳለኝን ጨርሶ ሳያውቁት፣ መጀመሪያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አደረጉ አለኝ። ቀጥለው፣ «ንገሯት፤ ልጄ ሰው ማሰባሰብ ታውቅበታለች» አሉ። እኔም ለማላውቃት ሴት፣ ግርማ የሰጠኝን የማላውቀውን መንገድ ጣቢያ በጣቢያ ደርድሬ መልእክቱን ጻፍኩ። ቃለ አጋኖዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሬ አረጋገጥኩ። ይህ መልእክት በስሕተት ዞሮ ደሳለኝ እጅ ቢገባስ? ስሙን ሳልጠቅስ «የበግ ሐኪሙ ወንድማችን» ብዬ፣ ያለበትን ቤት አድራሻ ለብቻው በሌላ መልእክት ላክሁ።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ተመለሱብኝ። ከለንደን በኋላ ያለው አንዱ ጣቢያ ተዘግቷል። ከእነሱ ሥር ደግሞ ሌላ መልእክት ተቀምጧል፤ የደሳለኝ። «ቅዳሜ የአባቴን መልእክት ስጠብቅ ዋልኩ። ገበያ አልወጣም እንዴ? ጥሩዬ፣ ደኅና ነው ወይ? እባክሽ እውነቱን ጻፊልኝ» ይላል።

ብዙ ነገር በሕይወቴ ጽፌያለሁ፤ ለዚያ መልስ እንደ መስጠት የከበደኝ የለም። ዝም ብል ዝምታው ራሱ መርዶ ነው። ደኅና ነው ብል ጋሽ ወንድይራድ ከመቃብር ሆነው «ውሸት አትጻፊብኝ» የሚሉኝ መሰለኝ። ጋሽ ኃይሌ ከተማ ዘመድ ቤት ሰንብተው ስለነበር ሄጄ አማከርኳቸው።

«ታሟል በዪው» አሉኝ። «ታሞም አይደል የሞተው? ልቡን እናለስልስለት። ዛሬ ታሟል ይስማ፤ ነገ ጠንቶበታል ይስማ። መርዶ እንዲህ ነው መንገዱ።»

«አባትህ ልቡን አሞታል፤ አጎትህ አብሮት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ቁልፉን ተጭኜ ስጨርስ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በዚያው ቀን ከግርማ ጋር ሌላ መንገድ መፈለግ ጀመርን። እሱ ከዚህ በፊት በእጁ ያለፉትን አድራሻዎች እያገላበጠ፣ እኔ ደግሞ ሐኪም ቤትና መምህራኑ ዘንድ እየሮጥኩ፣ ወደዚያ አካባቢ ጽፎ መልስ ያገኘ ሰው እንዳለ እየጠየቅሁ። አንዱ መምህር በኖርዌይ በኩል ዞሮ የመጣ አሮጌ መልእክት ነበረው። ከዚያ ላይ የጣቢያዎቹን ስም ቀዳን። መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ወደ ሰሜን ወጥቶ ተመልሶ የሚወርድ፣ በስክሪኑ ላይ አንድ ሙሉ መሥመር አልፎ ወደሚቀጥለው የሚሻገር። ማክሰኞ ላክነው። ረቡዕ ምንም የለም። ደሳለኝ ግን «ሐኪም ቤት ተወስዷል?» ብሎ ጽፏል። «ጠንቶበታል» አልኩት። ሐሙስ ጠዋት ሞደሙ ተንጫጭቶ ዝም ሲል አንድ አጭር መልእክት ገባ፤

«ደርሶኛል። ወንድማችንን አላውቀውም፤ ግን አይዞሽ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እሱ ቤት ነን። ሮማን።»

ቅዳሜ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ውርጩ ሳሩ ላይ እንደ ጨው ተነጥፏል። ቅዳሴው ሲዘልቅ እኔ የማስበው ያንን የማላውቀውን አገር፣ ያንን የማላውቀውን በር ነበር። ሰኞ ቢሮ ስገባ ሚስተር ኮሊን ቀድሞኝ ማሽኑ አጠገብ ቆሟል። መልእክቱ መጣ፤ «ነግረነዋል። አልቅሷል። አብረነው ነን።» ተርጉሜ አነበብኩለት። መሳቢያውን ከፍቶ ያችን ወረቀት አወጣ። «አሁንስ ትላካለች?» አለኝ። «አሁን ትላካለች» አልኩት።

ደሳለኝ ትምህርቱን ጨርሶ በዓመቱ ተመለሰ። ወደ አንኮበር ብቻውን መግባት ስለከበደው አብሬው ሄድኩ። የጎረቤላው አውቶቡስ በጉም ውስጥ እየተንገታገተ ነበር፤ መስኮቱ አይዘጋም፣ ሁላችንም ጋቢ ውስጥ ገብተናል። ደጃፉ ላይ እናቱ እትዬ አስካለና ጎረቤቱ ሁሉ ቆመው ጠበቁት፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ፈላ። ከዚያ ሰው ቀለል ሲል፣ ቤት ገብተን እንደተቀመጥን፣ እትዬ አስካለ የልጃቸውን ጉልበት ይዘው ዓመቱን ሙሉ ሲያንገበግባቸው የኖረውን ጠየቁ።

«ያን ለት ልጄ፣ ብቻህን ነበርክ?»

«አልነበርኩም እማዬ» አለ። «ጠዋት መስኮቴን ስከፍት በረዶው ላይ ሰዎች ቆመዋል። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። በበረዶ ላይ ነጭ ነጠላ ሳይ ገባኝ። ለካ በሌሊት ባቡር መጥተው እስኪነጋ እደጅ ነው የቆሙት፤ ቤቱ እንዳይደነግጥ ብለው። አከራዬ ፈርታ ስትጠይቃቸው ሮማን አስረድታት፣ ሴትዮዋ ወንበር አውጥታላቸዋለች። አንዱ ጀማል የሚባል የሐረር ሰው ነው፤ ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤት የሚሠራ። ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠና ‹መጀመሪያ ውሃ ጠጣ ወንድሜ› አለኝ። ጠጣሁ። ከዚያ አቅፎኝ ነገረኝ። ሦስት ቀን ጥለውኝ አልሄዱም። ሮማን ስለ አባዬ ተናገር አለችኝና ስለ በጎቹ፣ ስለ በርኖሱ፣ ስለ ሳቁ ሁሉ ነገርኳቸው። እሱን ሳያውቁት አለቀሱለት።»

እትዬ አስካለ እያንዳንዳቸውን በስም አስጠሩት። ጀማል፣ ሮማን፣ ሌሎቹንም። በስማቸው እየጠሩ መረቁ፤ ለጀማልም በእስላሙ ወግ ደግመው አላህ ይስጠው አሉ። «ያቺ ሮማን አግብታለች?» አሉ ድንገት። ባለፈው ክረምት እንዳገባች፣ አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር እንደሆነች ነገራቸው። «ስትወልድ ንገሩኝ» አሉ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ሮማን ወንድ ልጅ እንደተገላገለች ግርማ ጻፈልኝ። ለጎረቤላ ሰው ቃሉን ብልክ ይደርስ ነበር፤ ግን እግሬ እሺ አላለኝም። ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። የገበያ ቀን አልነበረም። እትዬ አስካለ በጉሙ መሀል ወደ ግቢያቸው ስገባ ሲያዩኝ የያዙት ሰፌድ ከእጃቸው ወደቀ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተ እትዬ። ሮማን ወለደች! ወንድ!»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ደጃፉ ላይ ቆሙና እልልታውን ለቀቁት። ጉሙ ውስጥ ስለነበርን ከታችኛው ሠፈር ማን እንደሚጮኽ አይታይም። ጎረቤቱ እየተጠራራ ወጣ።

«ማን ወለደ? ማን ናት የወለደችው?»

«ሮማን!» አሉ እትዬ አስካለ።

«ሮማን? ሮማን ደግሞ ማናት?»

«ልጄን ያስለቀሰችልኝ ናት!» ብለው ደግመው እልል አሉ።